ሁለት ከተማ የሚያገናኝ የብረት ድልድይ፤ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በድልድይ ጥገና ሥራ ረጅም ዓመት ቆይቻለሁ። ሰው ስለ ድልድይ የሚጠይቀው ወይ ከመሠራቱ በፊት ነው፣ ወይ ከተሰበረ በኋላ። በመሐል ያለውን ጊዜ፣ ማለትም ድልድዩ ቆሞ የሚያገለግልበትን አርባና ሃምሳ ዓመት፣ የሚጠይቅ እምብዛም አላጋጠመኝም። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ባሕር ዳር ላይ፣ ወደ ሐሙሲትና ወረታ በሚወስደው መንገድ ባሉ ሻይ ቤቶች፣ በግልገል ዓባይ ዳር በገበያ ቀን የቀረቡልኝ ናቸው። በሐሳባችሁ ወንዝ ከለያያቸው ሁለት ትንንሽ ከተሞች መካከል የተዘረጋ፣ መኪና የሚያሳልፍ የብረት ድልድይ ያዙ።

«ትራስ» ድልድይ ማለት ምን ማለት ነው?

ባለሙያው ቃሉን ከእንግሊዝኛ ወስዶ «ትራስ» ሲል የሰማች አንዲት ጠላ ሻጭ «ድልድዩም ሊተኛ ነው?» ብላ ስታስቀን ውላለች። ከራስጌው ትራስ ጋር ስም እንጂ ዝምድና የላቸውም። እኔ ፍርግርግ ድልድይ ነው የምለው፤ ያየ ሁሉ ወዲያው ይገባዋል።

ምስጢሩ ሦስት ማዕዘን ነው። አራት የሸንበቆ ቁራጮችን ጫፍና ጫፋቸውን በሲባጎ አስራችሁ አራት ማዕዘን ሥሩና አንዱን ጥግ ገፋ አድርጉት። ወዲያው ይጋደማል። አሁን ከጥግ ወደ ጥግ አምስተኛ ሸንበቆ እሰሩበትና እንደገና ግፉት። ከአምስቱ አንዱ ካልተሰበረ ወይም እስሩ ካልተፈታ ቅርፁ አይለወጥም፤ አራት ማዕዘኑ ሁለት ሦስት ማዕዘን ሆኗላ። በቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ሥር አናጢ የሚያቆመው እንጨትም ይኸው ነው። ፍርግርግ ድልድይ ይህንኑ ቅርፅ በብረት እየደጋገመ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ነው።

ብረቶቹ ሁሉ እኩል ይሸከማሉ?

አይሸከሙም። የተጫነ አይሱዙ መሐሉ ላይ ሲቆም የታችኛው አግዳሚ እንደ ገመድ ይሳባል፤ የላይኛው ደግሞ በሁለት መዳፍ መካከል እንደተያዘ እንጨት ይጨመቃል። የሚሳብ ብረት ቀጭን ቢሆን ግድ የለም፣ የሚጨመቅ ግን ቀጭን ከሆነ ይጎብጣል። ለዚህ ነው የላይኛው ብዙ ጊዜ ወፍራም፣ ሳጥን መሰል ሆኖ የሚሠራው። ሰያፎቹ እንደ አቀማመጣቸው ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1844 ፕራት በሚል ስም የተመዘገበው አሠራር ረጃጅሞቹን ሰያፎች እንዲሳቡ፣ አጫጭሮቹን ቋሚዎች እንዲጨመቁ ያደርጋል። ከአራት ዓመት በኋላ የመጣው ዋረን ግን ሰያፎቹን እንደ ጥልፍ ዚግዛግ ይደረድራል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለዓይን የሚያምረው ዋረን ነው።

አዲሱ የባሕር ዳር ድልድይ የብረት ነው?

አይደለም። በግንቦት 2016 የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው፣ ከአጫጭር ማማዎች በተዘረጉ ኬብሎች የታገዘ የኮንክሪት ድልድይ ነው። በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት ሦስት መኪና ያሳልፋል፤ ለእግረኛም ሰፊ ቦታ አለው። ከ60 ዓመት በላይ የከተማዋን ሁለት ወገን ብቻውን ሲያገናኝ የኖረው አሮጌው ጠባብ ድልድይ በዚህ እፎይ ብሏል። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ግን ለትልቅ ከተማ ነው። በጥቂት ሺህ ሰው ለሚኖርባቸው ሁለት የገበያ ከተሞች ይሠራ ብሎ የሚሟገት ካለ የወጪውን ወረቀት አላየም ማለት ነው።

ታዲያ ለትንሽ ከተማ ለምን ብረት?

ስለሚቀልና ቶሎ ስለሚገጠም ነው። ኪዩቢክ ሜትር ብረት ወደ 7,850 ኪሎ ግራም፣ ኮንክሪት ደግሞ ወደ 2,400 ይመዝናል። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ብረቱ አይከብድም?» ይላል። ፍርግርግ ግን አብዛኛው አየር ነው። ያንኑ ጭነት ለመሸከም የሚያስፈልገው ብረት ጥቂት ስለሆነ ድልድዩ በድምሩ ከኮንክሪቱ በእጅጉ ይቀላል። ይህ በፎገራ ሜዳ ላይ ትልቅ ነገር ነው። ዋልካው በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ያብጣል፤ እንዲህ ያለ አፈር ላይ ከባድ ነገር ማቆም ጥልቅና ውድ መሠረት ይጠይቃል።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ወንዙን ስለሚዘጋ መሥራት የሚቻለው በበጋ ብቻ ነው። ብረቱ ተቆርጦና ተበስቶ ከፋብሪካ ይመጣል፣ ዳር ላይ ይገጣጠማል፣ ከዚያ በሚሽከረከር መደገፊያ ላይ ተገፍቶ ወደ ማዶ ይሻገራል። ወንዙ ውስጥ መወጣጫ እንጨት መትከል የለ፣ አርማታ እስኪደርቅ መጠበቅ የለ።

የሚገጣጠመው የብረት ድልድይ ጊዜያዊ ነው ይባላል። ስንት ዓመት ይቆያል?

ጥያቄው የመጣው ቤይሊ ከሚባለው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዶናልድ ቤይሊ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ያወጣው ሥራ ነው። አንዱ ፍሬም ወደ 3 ሜትር ይረዝማል፣ 260 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስድስት ሰው ተሸክሞት ይሄዳል። ፍሬሞቹ እርስ በርስ በወፍራም የብረት ፒን ይያያዛሉ። ክሬን የሌለበት ቦታ ላይ ዛሬም የሚያህለው የለም።

«ጊዜያዊ» የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ብዙ ይለጠጣል። ለአንድ ክረምት ተብሎ የተዘረጋ ድልድይ ላይ፣ ሲዘረጋ ያልተወለደ ልጅ ሹፌር ሆኖ ሲያልፍ አይቻለሁ። ፒኖቹ ከታዩ፣ ወለሉ ከተቀየረና ቀለሙ ከታደሰ ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል። የሚያሳስበኝ ዕድሜው አይደለም፤ «ጊዜያዊ ነው» ስለተባለ ብቻ የሚያየው ሰው መጥፋቱ ነው።

ሰባራ ድልድይም በብረት ተጠግኖ አልነበረም? ለምን አልቆየም?

ከሞጣ በኩል ዓባይን ወደ ደቡብ ጎንደር የሚያሻግረው ይህ የድንጋይ ድልድይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተሰበረ፤ ስብራቱም ስሙ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲያ የሁለቱ ማዶ ሰው በገመድ ሲሻገር ኖረ። ተሻጋሪው ገመዱን ይይዛል ወይም ይታሰርበታል፣ በአንዱ ስባሪ ጫፍ የቆሙት ቀስ እያሉ ይለቁለታል፣ በሌላው ጫፍ ያሉት ይስቡታል። ከሥሩ ዓባይ አለ።

ይህ አሻጋገር በአንድ መጽሔት ላይ በፎቶግራፍ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2001 ፎቶውን ያየ አሜሪካዊ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት አቋቋመና በ2002 በስብራቱ ላይ የብረት ፍርግርግ ተጋደመ። በ2005 ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው። በ2009 በኬብል የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተተካ።

ከዚህ ተነስቶ «ብረት ደካማ ነው» የሚል አለ። ፍርግርግ በዋናነት የሚሰላው ከላይ ወደ ታች ለሚጫን ክብደት ነው። ግንድ ያዘለ ጎርፍ ከጎን ሲመጣበት እያንዳንዱ ሰያፍ ቅርንጫፍና ሣር ይይዛል፤ ክፍት የነበረው ፍርግርግ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ግድግዳ ይሆናል። ዋናው ነገር የብረቱ ሥር ከጎርፉ ጣራ በላይ መሆኑ ነው።

እና ያ ከፍታ አንዴ ተለክቶ የሚያበቃ አይደለም። ርብና ጉማራ ከጉና በኩል ደለል ይዘው ይወርዳሉ፤ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ይዘገዩና ያራግፉታል፣ የወንዙ አልጋም ከፍ ይላል። ድልድዩ ሳይንቀሳቀስ ከሥሩ ያለው ክፍት ቦታ ይጠባል። የዛሬ ሃያ ዓመት በሥሩ ቆሞ የሚያልፍ ሰው ዛሬ ጎንበስ የሚልበት ቦታ አውቃለሁ።

ምሰሶው ድንጋይና አርማታ ነው። ውሃ ምን ያደርገዋል?

ምሰሶውን ምንም አያደርገውም፤ የሚያነሳው ከሥሩ ያለውን አፈር ነው። ብዙ ሰው ድልድይ የሚወድቀው ጭነት ሲከብደው ይመስለዋል። በዓለም ዙሪያ ድልድይ ከሚያፈርሱ ነገሮች ግንባር ቀደሙ ውሃ መሠረቱን መቦርቦሩ ነው። ጎርፉ ምሰሶው ፊት ሲደርስ ወደ ታች ይጠልቃል፣ እየተሽከረከረ አሸዋውን ያነሳል፣ ከምሰሶው ግራና ቀኝ ይዞት ይሄዳል።

ተንኮሉ ከዚያ በኋላ ነው። ውሃው ሲጎድል ጉድጓዱ በለስላሳ ደለል ይሞላል። በኅዳር ሄዳችሁ ስታዩ ምሰሶው ዙሪያ ደህና መሬት ይመስላል፤ ልጆችም ኳስ ይጫወቱበታል። እኔ ሁለት ሜትር ተኩል ፌሮ ይዤ እወጋዋለሁ። አንድ ጊዜ፣ ወንዙን ስሙን አልጠራውም፣ ፌሮው እንደ ሊጥ እስከ እጄ ድረስ ገባ። ሦስት እርምጃ ራቅ ብዬ ስወጋ ግን ክንድ ያህል ገብቶ ጠጠር አገኘ። ጉድጓዱ የት እንዳለና ከፌሮው ርዝመት በላይ እንደሚጠልቅ ያሳወቀኝ ይህ ልዩነት ነው።

ከምሰሶ ሥር አሸዋ የምትጭኑ ሰዎች ይህን አንብቡልኝ። ጎርፉ በክረምት የሚሠራውን ሥራ እናንተ በበጋ በአካፋ እየሠራችሁለት ነው።

መኪና ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮሃል። ሊወድቅ ነው?

ብረት ይንቀሳቀሳል፤ የማይንቀሳቀስ ቢሆን ነበር የሚያስፈራው። 60 ሜትር የሚረዝም ብረት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲለዋወጥ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ያጥራል። ስለዚህ አንዱ ጫፉ ይታሰራል፣ ሌላው በተንከባላይ ብረት ወይም በጎማ ላይ ያርፋል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የሚሰማው «ቋ» የሚል ድምፅ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። የወለሉ ላሜራ መንኳኳትም ጆሮ ያሰለቻል እንጂ ቤት አያፈርስም።

የሚንከባለለው ጫፍ በጭቃና በጭድ ሲደፈን ግን ነገሩ ይለወጣል። ብረቱ ሊረዝም ፈልጎ መሄጃ ሲያጣ ዳር ያለውን ግንብ ይገፋል፣ ግንቡም ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ አካፋና መጥረጊያ ነው።

ልታሳስባችሁ የሚገባት አዲስ ድምፅ ናት። ትናንት ያልነበረች፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ የምትመጣ፣ ከባድ መኪና ሲያልፍ ብቻ የምትሰማ። እንዲህ ስትሆን ንገሩን።

ከላይ፣ ከመኪናው አናት በላይ የተጋደመው ብረት ለጌጥ ነው?

ይህን የጠየቀኝ ጭድ እስከ ሰማይ የጫነ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ለጌጥ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ያ ብረት ሁለቱን የጎን ፍርግርጎች እጅ ለእጅ ያያይዛል። የላይኛው አግዳሚ የሚጨመቅ ነው ብለን አልነበር? የሚጨመቅ ነገር ወደ ጎን ማምለጥ ይፈልጋል፤ የሚይዘው ይኸው የአናት ብረት ነው። እሱ ሲመታ የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም።

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የሆነው ይህን ያሳያል። ማውንት ቨርነንና በርሊንግተን የተባሉ ሁለት የወንዝ ዳር ከተሞችን የሚያገናኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የተሠራ የብረት ፍርግርግ ድልድይ በስካጊት ወንዝ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 2013 ቁመቱ ከመጠን ያለፈ ጭነት የያዘ መኪና የአናቱን ብረቶች በተከታታይ መታቸው። የአናቱ ብረት ቅስት ስለነበረ ከመሐል ይልቅ ዳር ዳሩ ዝቅ ይላል፤ መኪናው ደግሞ በዳርኛው መስመር ነበር። የመታው መኪና ራሱ ተሻገረ። ከኋላው ያለው የድልድዩ አንድ ክፍል ግን ሙሉ በሙሉ ወንዙ ውስጥ ገባ፣ ሁለት ተሽከርካሪዎችም አብረው ወደቁ። ሦስት ሰዎች በሕይወት ወጡ። አንድ ወር ሳይሞላ የተሰበረው ቦታ ላይ ተገጣጣሚ ብረት ተዘርግቶ መንገዱ ተከፈተ፤ የቤይሊ የልጅ ልጅ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ጭድ፣ ጥጥ፣ ቁመታም ማሽን የጫነ ሹፌር ወርዶ ይለካ። ረዳቱን ጭነቱ ላይ አውጥቶ «እለፍ፣ እለፍ» ማስባል መለኪያ አይደለም፤ ረዳቱም አናት አለው።

ዝገት እስከ ምን ድረስ ያሳስባል?

ፊት ለፊት የሚታየው ቀይ ዝገት ብዙም አያስጨንቀኝም። ዝናብ ያርሰዋል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል። ብረት የሚበላው እርጥበት የማይደርቅበት ጥግ ነው። በገበያ ቀን ከብት በድልድዩ ያልፋል፤ እበቱና ሽንቱ በወለሉ ስንጥቅ እየወረደ የታችኛው አግዳሚ መጋጠሚያ ላይ ይከማቻል። አፈር ይጨመርበታል፣ ሣር ይበቅልበታል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥግ በመሮ ስጠርግ መጀመሪያ የወፍ ጎጆ ወጣ፣ ቀጥሎ እርጥብ ጥቁር አፈር፣ ከዚያ እንደ ቂጣ በንብርብር የሚላጥ ዝገት። ከሥሩ የቀረው ብረት ከመጀመሪያው ውፍረቱ ግማሽ አይሞላም ነበር። ከመንገዱ ላይ ሆኖ ያየው ሰው ግን ቀለሙ ደህና ነው ይላል።

ቀለም ሲቀባ ዝገቱ ተፍቆ፣ ፀረ ዝገት ቀድሞ ይቀባል። በዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ቁስል ሳያጥቡ ማሰር ነው።

አንድ ሁለት ብሎን ቢጠፋ ምን ይሆናል?

ወዲያው ምንም ላይሆን ይችላል፤ አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው። ድልድዩ ቆሞ ስለሚውል ሌላ ብሎን ይፈታል። የቀሩት የጎደለውን ድርሻ ይሸከማሉ፣ ይላላሉ፣ ቀዳዳቸው ይሰፋል።

ፍርግርግ የሚጠነክረው በመጋጠሚያው ልክ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2007 በሚኒያፖሊስ የወደቀውና 13 ሰው የሞተበት ድልድይ ከመውደቁ 40 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ሲነደፍ አንዳንድ የመጋጠሚያ ላሜራዎቹ ከሚገባቸው ግማሽ ያህል ውፍረት ብቻ ተሰጥቷቸው ነበር። ብረቶቹ አልነበሩም የከዱት፤ ማገናኛው ነው።

በድሮ ድልድዮች ላይ ብሎን ሳይሆን ተቀጥቅጦ የገባ ሪቬት ታገኛላችሁ። እሱን በትንሽ መዶሻ እየመታን በጆሮ እንለየዋለን፤ ጠንካራው ጥርት ብሎ ይጮሃል፣ የላላው እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ያፍናል። አንዱን ጣት በሌላ ወገን አስደግፎ መምታት ደግሞ የበለጠ ይነግራል፤ የላላው ጣት ላይ ይርገበገባል።

ለጥምቀት ታቦት ሲያልፍ ሕዝቡ ሁሉ ድልድዩ ላይ ቢሞላ ይችላል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሰው ከመኪና ይቀላል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነውና። 50 ሜትር ርዝመት፣ 7 ሜትር ስፋት ያለው ወለል 350 ካሬ ሜትር ነው። በካሬ ሜትር አምስት ሰው ተጠጋግቶ ቢቆም፣ አንዱም 60 ኪሎ ቢመዝን፣ 105 ቶን ይሆናል። ይህ ሁለት የተጫኑ ባለ ተሳቢ መኪኖች አንድ ላይ እንደ መቆማቸው ያህል ነው። በደንብ የተነደፈ ድልድይ ይህ ይሰላለታል። የክብደት ገደብ የተለጠፈበት ወይም ተገጣጣሚ ከሆነ ግን ሰልፉን ከፋፍሎ ማሳለፍ ይሻላል። እስክስታውና ጭብጨባው ማዶ ከተሻገሩ በኋላ ቢሆን ምንም አይጎድልበትም።

ችግር ካየሁ ለማን ልናገር?

ዋና አውራ ጎዳና ከሆነ ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር፣ የገጠር መንገድ ከሆነ ለወረዳው የመንገድ ጽሕፈት ቤት። የማን እንደሆነ ካላወቃችሁ ለቀበሌው ንገሩ፤ እነሱ ያደርሱታል።

«ድልድዩ ተበላሽቷል» የሚል ደብዳቤ ግን ባለሙያን ቀኑን ሙሉ ያንከራትታል። የየትኛው ከተማ ወገን እንደሆነ፣ ከወንዙ የላይኛው ወይስ የታችኛው ጎን፣ ከዳር ስንተኛው ቋሚ ብረት ላይ፣ ድምፁ ሲመጣ ወይ ስንጥቁ ሲታይ መቼ እንደጀመረ ጻፉ። ፎቶ ካነሳችሁ ከጎኑ የክብሪት ሣጥን ወይም እስክሪብቶ አስደግፉ፤ አለበለዚያ ስንጥቁ የጣት ይሁን የክንድ አይለይም። ከማንሳታችሁ በፊት ጠባቂ ካለ አስፈቅዱት።